ከኳሷ ጀርባ ያለው ነፋስ

ሞልድ ሠሪዋን የሚያውቋት ሁሉ «መስታወት» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በመልኳ ሳይሆን በእጇ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ሞልድ ከቶርኖው ላይ ታወርድና መጀመሪያ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም ዘይት በነካ ሱፍ ጨርቅ ስትወለውለው ትውላለች። ያዘዘው ሰው ሊረከብ ሲመጣ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ያስተካክልበታል። የሸሚዝ ቁልፍ ይሁን የጠርሙስ ክዳን ወይም የሕፃን ማንኪያ፣ በእሷ ሞልድ የወጣ ዕቃ ዝንብ ያዳልጣል ይባልላታል።

ሙያውን ያወረሷት አባቷ ናቸው። በዚያው ወርክሾፕ፣ በዚያው ቶርኖ ላይ አርባ ዓመት ቆመውበታል። ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ከወሰደባቸው ስድስት ዓመት ቢያልፍም ቤት መዋሉን እንቢ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት የልጃቸውን ክንድ ይዘው ይመጡና መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ሥራም አልፈቱም። ያለቀ ሞልድ ሁሉ ጭናቸው ላይ ይቀመጥላቸዋል፤ አውራ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያሳልፉበታል፤ «ይለፍ» ካላሉ ከበሩ አይወጣም። አንድ ቀን እንዲያውም ሠራተኞቹ ሊፈትኗቸው ብለው አንዲት የፀጉር ዘለላ ሞልዱ ላይ በዘይት ለጠፉባቸው። አባትዬው አውራ ጣታቸውን አሳለፉ፣ ቆም አሉ፣ መልሰው አሳለፉና፣ «የማናችሁም ፀጉር ይሁን፣ መታጠብ አለበት» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሞከራቸው የለም።

«ሸካራ ሥራ የሰነፍ ፊርማ ነው» ይላሉ። ልጅየዋ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከከተማው ዳር ያለው የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ኃላፊ መጣች። ፈጣንና ሳቂታ ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት የኳስ ማስቀመጫ ችንካሮች አሠርታ ስለነበር ከሞልድ ሠሪዋ ጋር ተግባብተዋል። ከቦርሳዋ አንዲት ነጭ ኳስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለቻት።

«እህቴ፣ ይቺን ትሠሪልኛለሽ? መለማመጃ ኳሶቻችን ተሰነጣጥቀው አለቁ። ከሩቅ እስኪመጡ እየጠበቅን ስንት ወር እንቀመጥ?»

ሞልድ ሠሪዋ ኳሷን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት። መዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ትንሽ ነገር ናት፤ ፊቷ ግን በሙሉ በጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ተሞልቷል። አንዱ ከሌላው ጋር ከመጠጋጋቱ የተነሣ መርፌ የሚቀመጥበት ሜዳ የላትም። ለአባቷ አቀበለቻቸው። አውራ ጣታቸው ገና ከመንካቱ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምነው፣ ይቺን ፈንጣጣ ይዟት ነበር እንዴ?»

ኃላፊዋ ሳቀች። «ስርጉድ እኮ ነው ጋሼ!»

«ስርጉድ ጉንጭ ላይ ሁለት ሲሆን ያምራል ልጄ። ይሄን ያህል ከሆነ ሐኪም ያሻዋል።»

ሴትዮዋ እንደሄደች ሞልድ ሠሪዋ እስክሪብቶ አንስታ እያንዳንዱ ስርጉድ ውስጥ ነጥብ እያደረገች መቁጠር ጀመረች። ሁለቴ ተሳስታ ሦስተኛው ላይ ጨረሰች፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት። ማን ነው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ በፈቃዱ የሚገባ? ከአባቷ ጋር መከሩበትና አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ወልውሎ መጨረስ ያቃተው ሰው ነው ጉድለቱን በጉድጓድ የሸፈነው።

«መጀመሪያ ልሙጥ አድርገን እናሳያት» አለች ልጅየዋ። «ያቺን ካየች ይቺን ፈንጣጣም ዳግመኛ አታነሳትም።»

«ይሄስ የአባት ልጅ ያሰኛል» አሉ አባቷ፣ ደስ ብሏቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ልሙጧ ኳስ ወጣች። በመጠንም በክብደትም ከናሙናዋ ጋር አንድ ናት፤ ሞልድ ሠሪዋ ሁለቱን ደጋግማ መዝናቸዋለች። ላይዋ ላይ ግን የመስኮቱ ፍሬም ተጠማዞ ይታይባታል። አባትዬው ጣታቸውን አሳልፈው «ይለፍ» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ሞልድ ሠሪዋም አምስት ኳሶች በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሜዳው ሄደች።

የሜዳው አሰልጣኝ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ እንደሚያወጣ የሚሰስት ሰው ነው። መጀመሪያ ስርጉዳሟን ችንካሯ ላይ አስቀምጦ መታት። ጧ! ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ልትወርድ ነው ሲባል ደግሞ ትንሽ ከፍ አለችና ከሁለት መቶ ሜትሩ ምልክት ባሻገር ወደቀች። ቀጥሎ ልሙጧን አስቀመጠ። በዚያው ዱላ፣ በዚያው ጉልበት መታት። እሷም አነሣሷ ያምር ነበር። ግን ጥቂት እንደሄደች አንድ የማይታይ እጅ ከኋላ ልብሷን እንደያዛት ሁሉ ዘገየች፤ ዘግይታም ሜዳው መሐል ዱብ አለች።

ሞልድ ሠሪዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። «እስኪ ድገምልኝ።»

ደገመላት። አምስት ልሙጥ፣ አምስት ስርጉዳም። አንድም ልሙጥ ኳስ መቶ ሠላሳውን ሜትር አልደፈረችም።

ልታነሣቸው በእግሯ ገባች። መጀመሪያ ያገኘችው የራሷን አምስት ኳሶች ነው፤ ሣሩ ላይ ሰማዩን እያንጸባረቁ ተበትነዋል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ መራመድ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት እያለች። ዘጠና ስድስት እርምጃ ስትል ደረሰች። መሐሉ ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ አየች። ያፈረች መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ጆሮዋን ያጋላት እፍረት ብቻ አልነበረም። ዘጠና ስድስት እርምጃ! ይህን ሁሉ መንገድ ኳሷን ተሸክሞ የወሰዳት ማነው?

«ድሮ ልሙጥ ነበረች» አላት አሰልጣኙ ስትመለስ። «አዲሷ ቅርብ ትወድቃለች። ስትጫጫርና ስታረጅ ግን ርቃ ትሄዳለች። ተጫዋቾቹ ይህን ሲያዩ አዲሷን ሆን ብለው መጫጫር ጀመሩ። ስርጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።»

ሰውየው በሳምንት የሚናገረውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ።

«ግን ለምን?»

«እኔ መምታት ነው። ለምን የሚለውን ረጅሙ መምህር ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።»

አባቷ የሆነውን ሲሰሙ እጃቸውን አወናጨፉ። «ዕቃው ነው! ፕላስቲኩ ከእነሱ ይለያል። ቅባቱን ጥፋተኛ አታድርጊው።» ቅባት የሚሉት መወልወሉን ነው። ክርክር ከማንሣት ሥራ ይሻላል ብላ ሞልድ ሠሪዋ በነጋታው አንዷን ልሙጥ ኳስ በጨርቅ አልብሳ ሞርሳው ላይ አሰረችና ጫፉ ክብ በሆነ ትንሽ መሰርሰሪያ ትነድላት ገባች። የገዛ ሥራዋን ስታበላሽ ልጇን እንደምትቀጣ እናት ፊቷን አዙራ አንዳንዴ ትተነፍሳለች። ያወጣቻቸው ስርጉዶች ወጣ ገባ ነበሩ፣ አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ገባ ያላለ። ማንም ሰው ቢያያት ከመሬት የወደቀች ነው የሚላት።

አሰልጣኙ ያቺን ኳስ መታት። ናሙናዋ ዘንድ አልደረሰችም፤ ልሙጥ እህቶቿን ግን በሰባ እርምጃ ጥላቸው ሄደች። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ሞልድ፣ ያው ክብደት። ሁለት ሳምንት የተለፋባት ኳስ በግማሽ ቀን በተበላሸች ኳስ ተሸነፈች።

«አበላሽቼ አሳመርኳት አባዬ» አለቻቸው ማታ እራት ላይ። «ሌላ ምን እንደምልህ አላውቅም።»

አባቷ ማዕዱን ገፋ አድርገው ተነሡ። በማግሥቱ ወርክሾፕ ሲውሉ አንድም «ይለፍ» ከአፋቸው አልወጣም፤ ሞልዱ ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ አውራ ጣታቸውን በሌላው አውራ ጣታቸው ሲያሹ ዋሉ። ሠራተኞቹ ጋሼን ምን ነካቸው እያሉ ተንሾካሾኩ። ሊመሻሽ ሲል ጠሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ያ መምህር የት ነው የሚገኘው?»

መምህሩ የሚያስተምረው ቴክኒክ ኮሌጁ ውስጥ ነው። በእርግጥም ረጅም ነው፤ በር ሲያልፍ ልማድ ሆኖበት ማንኛውም በር ላይ ጎንበስ ይላል፣ ከፍ ያለውም ላይ ጭምር። «ኳስ መምታት አልችልም» ብሎ ነው ራሱን ያስተዋወቃቸው። «አሰልጣኙን ጠይቁት፣ እኔ ስመታ ሰው ሁሉ ጋሻ ይፈልጋል። ለምን እንደምትበር ግን አሳያችኋለሁ። ሁለት ነገር ሥሩልኝ፤ አንድ ልሙጥ፣ አንድ ስርጉዳም፣ ከእውነተኛዋ ሦስት እጥፍ የሚተልቁ። ኳሷን ሦስት እጥፍ ካሳደግናት የነፋሱን ፍጥነት ወደ ሲሶ ብንቀንሰው ውጤቱ ያው ነው። ነፋሱ መታለሉን አያውቅም።»

አባትየው ፈገግ አሉ። «ነፋስም ይታለላል?»

«ደንቡን ካወቁለት፣ አዎ ጋሼ።»

ሁለቱን ትልልቅ ኳሶች ልጅየዋ ከጠንካራ እንጨት በቶርኖ አወጣቻቸው። አንዷን ወስዳ ስርጉድ በስርጉድ አደረገቻት። ሌላኛዋን አባቷ ተቀበሏት፤ «ይቺ የእኔ ናት» ብለው አራት ቀን ሙሉ ወለወሏት። የማይረባ ሰም ይሁን ጨርቅ አላስጠጉም። አራተኛው ቀን ላይ ልጅየዋ ኳሷን አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋቻት፤ የውሃ ፊት ላይ ያረፈች መሰላት። በዕድሜዋ ከዚህ የለሰለሰ ነገር ነክታ አታውቅም።

የነፋስ ክፍሉ ኮሌጁ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። አንደኛው ግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማራገቢያ አለ። ፊቱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረዋል፤ ነፋሱ እዚያ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ተበጥሮ፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ሣጥኑ እየጠበበ ይመጣና እንደ መስኮት ባለ አራት ማዕዘን አፍ ያበቃል። ከአፉ አንድ እርምጃ ፊት ለፊት ቀጭን የብረት ዘንግ ቆሟል። መምህሩ የአባትዬውን ኳስ ዘንጉ ላይ ሰካት።

ማራገቢያው ሲነሣ ወለሉ እግራቸው ሥር ነዘረ። መምህሩ አንድ ቁልፍ ነካና ከነፋሱ ጋር ነጫጭ የጭስ ክሮች መምጣት ጀመሩ፤ ደርዘን ይሆናሉ፣ ልክ በማስመሪያ የተሠመሩ ይመስላሉ። ክሮቹ ኳሷ ግንባር ላይ ደርሰው ተከፈሉ። ገሚሱ በላይ፣ ገሚሱ በታች ኳሷን ታክከው ወጡ። ሞልድ ሠሪዋ ትንፋሿን ውጣ ታያለች። ክሮቹ ወገቧ ላይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ኳሷን ለቀቋት። እንዲያው ዝም ብለው ለቀቋት፤ ወደ ጀርባዋ ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ሄዱ። ከኋላዋ ያለው ሰፊ ቦታ ደግሞ እንደሚፈላ ድስት ይተረማመስ ጀመር።

«አያችሁ» አለ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ኳሷን የሚነካት አየር ከወረቀት የማይወፍር ሽፋን ነው። ልሙጥ ነገር ላይ ያ ሽፋን በሰልፍ፣ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ረጋ ማለቱ ደግሞ ጉዱ ነው፤ ኳሷን ሲታከክ ጉልበቱ ያልቅበታል፣ ጀርባዋን መዞር ያቅተዋል። ይለቃታል። ያ የሚተረማመሰው ባዶ ነው ኳሷን ወደ ኋላ የሚጎትታት።»

ከዚያ ማራገቢያውን አቁሞ ስርጉዳሟን ሰካና መልሶ አስነሣው። ክሮቹ እንደገና መጡ፣ ተከፈሉ፣ ወገቧ ላይ ደረሱ። አልለቀቁም። ወገቧን አልፈው፣ ተጎንብሰው፣ ጀርባዋን አቅፈው ዞሩና በመጨረሻ ሲለቁ የተውት ባዶ ቀጭን ጅራት ብቻ ነበር።

ሞልድ ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነፋስ እንዲህ ያለ መልክ እንዳለው፣ በየቀኑ በመንገድ ላይ፣ በሰው ትከሻ፣ በዛፍ ግንድ፣ በመብራት ምሰሶ ዙሪያ እንዲህ እየታጠፈና እየለቀቀ እንደሚኖር አስባ አታውቅም። ዓለሙ ሁሉ በማይታይ ክር የተጠመጠመ መሰላት።

«ስርጉዶቹ ያን የረጋ ሽፋን ያምሱታል» አለ መምህሩ። «ሲታመስ ከላይ ያለው ፈጣን አየር ወደ ታች ይቀላቀልና ጉልበት ይሰጠዋል። ጉልበት ሲያገኝ ጀርባዋን ይዞራል። ጥቂት ረብሻ፣ ብዙ መንገድ።»

«ምን አየሽ?» አሉ አባቷ። ክንዷን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። «ንገሪኝ እንጂ።»

«አባዬ… ነፋሱ… የአንተዋን ቶሎ ይለቃታል። የእኔዋን ግን… እንዴት ልበልህ…» ቃል አጠራት። በሕይወቷ ለአባቷ ያየችውን መንገር የለመደች ሰው ነበረች፤ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፣ የመንገዱን ሰው ትነግራቸዋለች፣ የሞልዱን ቀለም እንኳ ትነግራቸዋለች። ይህ ግን እምቢ አላት።

አባቷ እጅጌያቸውን ይጠቀልሉ ጀመር። «መምህር፣ እጅ ይገባበታል?»

መምህሩ አመነታ። «በፍጥነት ከሚሄድ መኪና መስኮት እጅ እንደማውጣት ነው ጋሼ።»

«አርባ ዓመት የቶርኖ ፍንጣሪ የለመደ እጅ ነው።»

ሰዓታቸውን ፈተው ለልጃቸው ሰጧት። መምህሩ በጎን በኩል አቁሞ ክርናቸውን ደገፈ፣ ልጃቸው ጀርባቸውን ያዘች። መጀመሪያ ልሙጧን ኳስ ነው። እጃቸውን ከዳር ወደ ውስጥ ቀስ እያደረጉ አስገቡት።

«እዚህ አለ፣ ብርቱ ነው» አሉ። ጣታቸው ወደ መሐል ሄደ። «እዚህ… እዚህ የለም። ጠፋ።» ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወደ ጣታቸው የሄደ ይመስል ነበር። «ቆይ። ወደ ኳሷ ይመለሳል እንዴ? ወደ ኋላ ይነፍሳል እኮ! መምህር፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ይነፍሳል!»

«አዎ ጋሼ! ልክ ነዎት!»

የባዶውን ስፋት በስንዝራቸው ለኩት። ኳሷን ያህል ይሰፋል። ኳሷ ተቀየረች። አሁንም እጃቸው ከዳር ተነሣ፤ ብርቱ ነፋስ፣ ብርቱ ነፋስ፣ ገና ብርቱ ነፋስ። «የታለ ባዶው?» እያሉ ፈለጉት። ሲያገኙት ሦስት ጣት እንኳ በወጉ አላስገባቸውም። እጃቸውን እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ አቆሙ። ነፋሱ ግራና ቀኙን ያልፋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ይርገበገባል። እጃቸው ከዚያ አልነሣ ሲል ልጃቸው ፈራች። ዕድሜ ልካቸውን የወለወሉት ሁሉ አሁን በአንድ ነፋስ ተነቅሎ የሄደባቸው መሰላት።

«አባዬ?»

«አርባ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት ዓይንን ደስ አሰኘሁ፣ ጣትን ደስ አሰኘሁ። ነፋስ ምን እንደሚወድ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸውም በነፋሱ ወደ ጆሯቸው እየሄደ ሳቁ። «እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ! እንዴት ያለ ነገር ነው!»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሁለቱ ሆነ። ሞልዱ ኳሷን የሚገለብጥ ስለሆነ ኳሷ ላይ የሚሰረጎደው ሁሉ ሞልዱ ላይ እብጠት መሆን አለበት፤ የእያንዳንዱ ከፍታ ደግሞ ሦስት ወረቀት ተደራርቦ የማይሞላ ነው። ልጅየዋ ቀረጸች፣ አባትየው በአውራ ጣታቸው አነበቡ። «አምስተኛው ረድፍ ላይ ሦስተኛዋ አጥራለች» ይሏታል፤ ስትለካ ልክ ናቸው። ጣት ያው ነው፣ ሥራው ግን ተገልብጧል። ድሮ እብጠት ሲያገኙ ይቆጣሉ፤ አሁን እብጠት ሲያጡ ይቆጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ሲመቱ ሁሉም እልል ሊል ምንም አልቀረው። ርቀው ሄዱ። አሰልጣኙ ግን አሥረኛዋ ላይ ዱላውን አስደገፈ።

«ሁለት ዓይነት ኳስ ነው እንዴ የሠራሽው? አንዷ ቀጥ ትላለች፣ አንዷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች።»

ሞልድ ሠሪዋ ቅስሟ ተሰበረ። ኳሶቹ ከአንድ ሞልድ የወጡ መንትዮች ናቸው። ወርክሾፕ ተመልሳ አንዷን ለአባቷ ሰጠቻቸው። ሰውየው ኳሷን በመዳፋቸው አሽከረከሯት፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ አቆሙ።

«ይቺ መሐሏ ላይ ራሰ በራ ናት» አሉ።

እውነትም የሞልዱ ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ ላይ፣ እንደ ቀበቶ ኳሷን የሚዞር ስርጉድ ያልነካው ቀጭን መስመር አለ። የፀጉር ያህል ነው፤ ዓይን አልፎታል። ነፋሱ ግን አላለፈውም፤ ኳሷ ችንካሩ ላይ ስትቀመጥ ቀበቶው በየት በኩል እንደሆነ ለይቶ ያውቃል፣ እንዲያው ባወቀው ልክ ያጣምማታል። መምህሩ ይህን ሲሰማ «እኔ ተማሪዎቼን ይህን ለማስረዳት ሁለት ወር ይፈጅብኛል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

መላው የመጣው ከልጅየዋ ነው። የሁለቱን ግማሾች አፍ ቀጥ ማድረጓን ትታ እንደ ማዕበል አጥፋ ቀረጸችው፤ የላይኛው ስርጉድ በታችኞቹ ሁለት መሐል እንዲገባ፣ የታችኛውም በላይኞቹ መሐል፣ የሁለት እጅ ጣቶች ተቆላልፈው እንደሚያርፉት። አፍ ለአፍ እስኪገጥም ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ሞልድ አበላሽታለች። በሰባተኛው ሳምንት አባቷ አዲሷን ኳስ እያሽከረከሩ ቀበቶውን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት።

«የት ነው የተሰፋችው?»

«ፈልጋት።»

«እኔ እንጃ። ስትወለድ እንዲህ ሆና ነው የተወለደችው» አሉና ኳሷን መለሱላት።

ለሙከራው አባቷም ሜዳው ድረስ መጡ። ጠዋት ነው፣ ሣሩ እርጥብ ነው። ኃላፊዋ ወንበር አመጣችላቸው፤ አልቀመጥም አሉ። መምህሩም አለ፤ ዱላ እንዳይዝ አስጠንቅቀውታል። አሰልጣኙ ኳሷን አስቀመጠ፣ እግሩን አመቻቸ፣ መታ።

ጧ! ከዚያ አጭር ፉጨት። ከዚያ ምንም።

«ወደቀች?» አሉ አባቷ።

«ገና።»

«አሁንስ?»

ልጅየዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታያለች። ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ነፋሱን ወደ ታች ትገፋለች፣ ነፋሱም እሷን ወደ ላይ ይገፋታል፤ ይህን መምህሩ አስረድቷታል። ግን ስታየው ማብራሪያው ሁሉ ከጭንቅላቷ ወጣ። ነጭ ነጥብ ሰማይ ላይ ነበረች፤ መውደቅ ሲገባት የማትወድቅ።

«ገና ናት አባዬ።»

«አሁንም?» ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆነ።

«አሁንም።»

ከሩቅ፣ ሣር ላይ፣ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። አባቷ ይዘውት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቁ። አሰልጣኙ ሌላ ኳስ አስቀመጠ፣ ከዚያ ሌላ፣ መጋጠሚያዋን በየት በኩል እንደሚያደርግ ሳይጠነቀቅ፣ እስከ ሃያ። ሃያዎቹም ቀጥ ብለው ሄዱ። ሲጨርስ ዱላውን ወደ ትከሻው አደረገና፣ «ጥሩ ናት» አለ። ኃላፊዋ ከዚህ በፊት እንዲህ ሲል የሰማችው ልጁ የተወለደ ቀን እንደነበር ምላ ተናገረች።

ሜዳው አሁን በእነዚያ ኳሶች ነው የሚለማመደው። ሞልድ ሠሪዋም ከቁልፍና ከክዳን ሌላ ሥራ አገኘች፤ መምህሩ ለሙከራ የሚፈልገውን ቅርጽ ሁሉ የምትሠራለት እሷ ናት። የአባቷ የወርክሾፕ ውሎ ግን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ከረጢት ይዘው ወደ ነፋስ ክፍሉ ይሄዳሉ። ከረጢቱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ እንቁላል፣ ማንኪያ፣ የበር እጀታ፣ የራሳቸው አሮጌ ጫማ። አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ እያስቀመጡ እጃቸውን ከኋላ ያስገባሉ። ጫማው በጣም አሳፍሯቸዋል፤ «ይህን አድርጌ ነው ሃምሳ ዓመት የሄድኩት?» አሉ። ከእንቁላሉ ኋላ ግን ባዶውን ፈልገው ፈልገው በጭንቅ ሲያገኙት ኮፍያቸውን አወለቁለት። ተማሪዎቹ ስሌታቸው ሲያስቸግራቸው «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይያዟት» እያሉ ይመጣሉ፤ እሳቸውም ነፋሱ የት ላይ እንደሚለቅ በጣታቸው ያሳዩአቸዋል።

አንድ ሐሙስ ልጃቸው ልትወስዳቸው ቀደም ብላ መጣች። መምህሩ ማራገቢያውን እያዘገየ ነበር፤ ነፋሱ ቀዝቅዞ ተራ የመንገድ ነፋስ ያህል ሆኗል። አባቷ የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ዞሩ።

«እዚች በርጩማ ላይ ተቀመጪ። ወደ ነፋሱ ፊትሽን አዙሪ።»

«እኔ ደግሞ ምን ልሁን ብለህ ነው?»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ተቀመጠች። ነፋሱ ግንባሯን ነካ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ወሰደው። አባቷ ከጀርባዋ ቆመው መዳፋቸውን ከራሷ አንድ ስንዝር አርቀው፣ ሳይነኳት፣ ቀስ እያሉ ያዞሩት ጀመር፤ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው፣ በአንገቷ በኩል፣ ወደ ትከሻዋ፣ ተመልሰው ወደ ላይ። መምህሩ ወረቀቱን አስቀምጦ ያያል። ረጅም ጊዜ ሆነ።

«ምን አገኘህ አባዬ?» አለች ሳትዞር።

«ዝም በይ» አሏት። «ስትናገሪ ይለወጣል።»